በሕይወት ላለ ሰው የኅሊና ጸሎት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እዚሁ ሰቆጣ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ አጠገቤ ቆሞ ለሚተነፍስ ሰው የኅሊና ጸሎት ተደረገ። ይኸው ሦስት ቀኔ... ንዴቱ አልወጣልኝም።

ሰውየው አያ ኪሮስ ናቸው። የዛሬ ልጆች አታውቋቸውም። በሠራዊቱ ቡድን በከባድ ሚዛን ቦክስ ሲጫወቱ «የዋግ መዶሻ» ይባሉ ነበር። አባቴ ሲያወራ፣ የሳቸው ግጥሚያ በሬዲዮ የሚተላለፍ ቀን ገበያተኛው ሁሉ ሱቃችን ደጅ ይኮለኮላል። ጨው የሚገዛ ሰው ቢመጣ «ቆይ፣ ዙሩ ይለቅ» ይባላል። ባሕር ማዶ ተሻግረው ሜዳሊያ ይዘው የተመለሱ ሰው ናቸው።

ኋላ ሠራዊቱ ሲበተን አገራቸው ገቡ፣ ከዚያም ተረሱ። አሁን ከሱቄ ጀርባ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ምላሳቸው ይተሳሰራል። ሐኪሙ «ጭንቅላታቸው ላይ ለዓመታት ያረፈው ቡጢ ነው» ብሎኛል። መንገደኛው ግን «ሰክሮ ነው» ይላል። ጠላ እንኳ የማይቀምሱ ሰውዬ! ጠዋት ጠዋት የኮታቸውን ቁልፍ የምቆልፍላቸው እኔ ነኝ።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ለሱቅ ነጋዴዎች የጥሪ ወረቀት ተበተነ። «የታላቁ ቦክሰኛ የኪሮስ መታሰቢያ የቦክስ ውድድር» ይላል። ደስ ብሎኝ ወደሳቸው ሮጥኩ።

«አያ፣ አስታወሱዎት!»

ወረቀቱን ገልብጠው ገልብጠው አዩት። «ለኔ አልመጣም?» አሉ።

«ስምዎ ተጽፎበት ደግሞ ምን ጥሪ ያስፈልግዎታል!» ብዬ ይዣቸው ሄድኩ። ምነው ያኔ እግሬን በሰበረው!

መድረኩ ላይ የወጣትነት ፎቷቸው ተሰቅሏል። ጓንት ያጠለቀ፣ ደረቱ በር የሚያህል ጎልማሳ። ከሥሩ የአበባ ጉንጉን ተቀምጧል። የአበባው ነገር ትንሽ ከነከነኝ... ጌጥ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ከኋላ ቦታ ይዘን ተቀመጥን።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ተነሣ። ክራቫት ያሰረ፣ ድምፀ መረዋ ሰው ነው። «በሞት ለተለየን ጀግናችን የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናደርጋለን» አለ። አዳራሹ ግር ብሎ ቆመ። አያ ኪሮስም ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና... «ማን ሞቶ ነው?»



«ሰውየው እኮ እዚህ ቆመዋል!» ብዬ ጮህኩ። ከፊት ያሉት ዘወር ብለው «እሽ... ጸሎት ነው!» አሉኝ። ሰብሳቢው እንዳልሰማ ሆኖ ደቂቃዋን ጨረሰና ንግግሩን ጀመረ።

ምን ቢል ጥሩ ነው? ድምፁን ሰበር አድርጎ «ጀግናው ሲያርፍ አጠገቡ ነበርኩ። እጄን ይዞ፣ ወጣቱን አደራ አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነበር» አይል መሰላችሁ! ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። ፊት የተቀመጡ ሁለት ሴቶች እንባቸውን ጠረጉ።

አያ ኪሮስ የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን አወጡ።

«ይቅርታ... እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

ግማሹ ሳቀ። ሰብሳቢው ደግሞ ፊቱን አጨፍግጎ «እባካችሁ፣ የጠጣ ሰው አስወጡልን» አለ። ጥበቃው መጥቶ ክንዳቸውን ያዘ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ወንበር ላይ ወጣሁ።

«ልቀቃቸው! ኪሮስ እሳቸው ናቸው! በቁማቸው ነው የቀበርካቸው!»

ሰብሳቢው ከመድረኩ ሆኖ አየኝና ረጋ ብሎ «መታወቂያ ይዘዋል?» አለ።

መታወቂያ! ፎቶው ከጀርባው ግድግዳ ሞልቶ ተሰቅሎ! አያ ኪሮስ ኪሳቸውን ዳበሱ... ቤት ረስተውታል።

ይኼኔ ከመካከል አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ለውድድሩ ብለው ከአምደወርቅ የመጡ ናቸው። «መታወቂያው እኔ ጋ ነው» አሉ። ሰዉን እየገፉ መጥተው አያ ኪሮስ ፊት ቆሙና አተኩረው አዩዋቸው። ከዚያ ወደ አዳራሹ ዞረው የራሳቸውን አፍንጫ በጣታቸው ያዙ። አፍንጫው ወደ ግራ ተጣሟል።

«ይህን ያጣመመው ይኼ ሰውዬ ነው። በጎረምሳነታችን ተጋጥመን በሁለተኛው ዙር ጣለኝ።»

አያ ኪሮስ አፍንጫውን አዩ፣ አዩና... ምላሳቸው ሳይተሳሰር «አንተ፣ ያኔም ግራ እጅህን ዝቅ ታደርግ ነበር!» አሉ።

ሁለቱ ሽማግሎች ተቃቅፈው በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንኛ እያወሩ ሲሳሳቁ ጥበቃው ራሱ እንባው መጣ።

አሁን ሰብሳቢው ይቅርታ ጠየቀ ብላችሁ ነው? «እንኳን በሕይወት ኖሩልን!» ብሎ አጨበጨበ። ሰዉም አብሮት አጨበጨበ። ከዚያ ያንን የሐዘን አበባ ከፎቶው ሥር አንሥቶ አንገታቸው ላይ አጠለቀላቸው! «ነፍስህ በሰላም ትረፍ» የሚለው ጥብጣብ ደረታቸው ላይ እየተንጠለጠለ አቅፏቸው ፎቶ ተነሣ። ስለ ውሸቱ ኑዛዜ የጠየቀው የለም። «መታሰቢያ» የሚለውንስ አንሡት ብላቸው ኮሚቴዎቹ «ባነሩ አንዴ ታትሟል» አሉኝ።

አበባውን ከአንገታቸው አውልቄ መድረኩ ላይ ወረወርኩትና ይዣቸው ወጣሁ። እሳቸው ግን ባልንጀራቸውን በማግኘታቸው ፊታቸው በርቷል።

«አያ፣ እንዴት አልተናደዱም?» አልኳቸው መንገድ ላይ።

«ሪንግ ውስጥ የተናደደ ቀድሞ ይወድቃል፣ ልጄ።»

እኔ ግን ቦክሰኛ አይደለሁም... ተናድጃለሁ።