በእርሳስ የተሳሉ መንደሮች

የካርቶን ቱቦ ስከፍት የሚወጣው የእርጥብ ወረቀትና የእርሳስ ሽታ ዛሬም ደሜን ያፈላዋል። ትናንት ለአንድ ደንበኛ ፖስተር ላወጣ ቱቦ ብከፍት ያው ሽታ መጣ። ፖስተሩን በቁጣ ሸጥኩለት፤ ሰውዬው ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ወጣ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ጀርመን አገር፣ ቦከንሃይም የሚባል ሰፈር ከአገሬ ልጆች ጋር ቤት ተጋርቼ እየኖርኩ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው ባንሆፍስፊርቴል ሰፈር አሮጌ ራዲዮና ቴፕ እሸጥ ነበር። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ዶክተሯ ይኖሩ ነበር። የፖለቲካ ጂኦግራፊ ምሁር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገራቸው ሳይመለሱ እዚህ የቀሩትን ዩክሬናውያን ሲያጠኑ ነው። ከእኔ የገዙት መቅረጸ ድምፅ እየቆመ ስላስቸገራቸው (ሻጩ እኔ፣ ምን አፍ አለኝ?) ቅዳሜ ቅዳሜ ጠጋኝ ሆኜ እከተላቸው ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ጻይልስሃይም የሚባለው ሰፈር አንዲት አሮጊት ቤት ገባን። ወጥ ቤቱ የተቀቀለ ጎመን ይሸታል። ዶክተሯ "ለምን ተሰደዱ?" ብለው አይጠይቁም ነበር። ሰፊ ወረቀት ዘርግተው እርሳስ ያስጨብጡና "ከቤትዎ በር ይነሱና መንደሩን ይሳሉልኝ" ይላሉ።

"እኔ መሳል አልችልም" አሉ አሮጊቷ። ከዚያ ማን ያቁማቸው! ወንዙን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የውኃ ጉድጓዱን ሳሉ። አንዷን ጎጆ ግን የጥፍር ያህል አደረጓት። "ይቺ ዶሯችንን የሰረቀችን ሴትዮ ቤት ናት። ትነስባት!"

ስንመለስ ዶክተሯ ለእኔም ወረቀት ሰጡኝ። "በል፣ አንተም ከበሩ ጀምር።" የድሬዳዋውን ቤታችንን፣ የባቡሩን ሐዲድ፣ ደጃፋችን ላይ የነበረውን የኒም ዛፍ ሞነጫጨርኩ። ዶክተሯ አገላብጠው አዩት፤ ጠቅልለውም የአሮጊቶቹ ሥዕሎች ካሉባቸው የካርቶን ቱቦዎች ጋር አስቀመጡት።

እኚህ ሴት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሥራ ውላቸው የሚታደሰው በዓመት በዓመት ነበር። እኔ አሮጌ ራዲዮ የምቸረችረው እንኳ ከዚያ የረዘመ የኪራይ ውል ነበረኝ! የመጨረሻው ውል ሲያልቅ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ "ዛሬ ዩክሬን ማንን ያስጨንቃል?" አላቸው። ሥዕሎቹን ልውሰድ ቢሉት "የክፍሉ ንብረት ናቸው" ብሎ የቢሮውን ቁልፍ ተቀበላቸው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክፍሉ ሕንፃ ቀየረ። እዚህ አገር የማይፈለግ ዕቃ በቀጠሮ ቀን መንገድ ላይ ይወጣል፣ ሽፔርሙል ይሉታል፤ እኛ ነጋዴዎች መኪናው ሳይደርስ ዞረን የሚሸጠውን እንለቅማለን። ያን ቀን ጠዋት አሮጌው ሕንፃ በር ላይ ስደርስ የቆሻሻው መኪና ሥዕሎቹ ያሉባቸውን ቱቦዎች እያኘከ ነው። የክፍሉ ንብረት! "ሀልት! ሀልት!" (ቁሙ!) እያልኩ ሮጥኩ። ሠራተኛው "ቆሻሻ እኮ ነው፣ ወንድሜ" አለኝ። ብስክሌት ሥር ተንከባሎ የተረፈ አንድ እርጥብ ቱቦ ብቻ አገኘሁ።

በዚያው ዕለት ወሰድኩላቸው። አልከፈቱትም። "አሁን ማየት አልችልም፤ አንተ ጋ ይቀመጥልኝ" አሉኝ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ዩክሬን ውስጥ ጦርነት የተጀመረ ዓመት፣ ቴሌቪዥን ብከፍት ማንን አየሁ? ኃላፊውን! ሻርፑን ጠምጥሞ፣ ካርታ ላይ ጣቱን ቀስሮ፣ ሕዝቡን ስለ ዩክሬን ያስተምራል። በሳምንቱ ሱቄ መጣ። "ዶክተሯን ጠይቄያቸው ነጋዴው ይወስን አሉኝ። አንድ ሥዕል ተርፏል አይደል? ስንት ትላለህ?"

"እዚህ ሱቅ ውስጥ የማይሸጥ ዕቃ አንድ ብቻ ነው" አልኩት። "እርስዎም እሱኑ መረጡ።"

ማታውን ቱቦውን ይዤ ዶክተሯ ጋ ወረድኩ። ያኔ በየአዳራሹ ለስደተኞች ጀርመንኛ እያስተማሩ ነበር የሚኖሩት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ የጻይልስሃይሟ አሮጊት መንደር ነው። አሮጊቷ ካረፉ ቆይተዋል። የሌባዋን ጎጆ ሲያዩ ሳቁ።

"ያንተስ?"

"መኪናው በላው።"

ባዶ ወረቀት አመጡ። "ቁጭ በል። ከበሩ ጀምር።"

በሩን ሳልኩ። ሐዲዱን ሳልኩ። የኒሙ ዛፍ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከበሩ በስተግራ ነበር ወይስ በስተቀኝ? በፊት ሳላስብ ነበር ያስቀመጥኩት። እርሳሱን እንደያዝኩ ቀረሁ። ዶክተሯም መብራቱን ወደ እኔ አስጠግተው፣ ጠበቁኝ።