ሌንሱን አባባ ናቸው ብለህ እየው

ወንድሜ አባታችንን ያታለለበትን ፊት ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው፤ ግን አሳምሬ ነው ያነሳሁት፣ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ሶዶ ውስጥ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ አለችኝ። ጉርድ ፎቶ፣ ምረቃ፣ ሠርግ፣ የመጣውን አነሳለሁ። ሰውን ከነወዙ አውጥቼ ማንሳት እችልበታለሁ፤ በዚህ አልታማም።

ቤተሰባችን ከጉራጌ አገር የወጣው በአያቴ ጊዜ ነው። አባቴ ከሶዶ ወጣ ባለችው ገሱባ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ ነው ያረጁት። ከገበያተኛው ጋር በወላይትኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ሲናደዱ ደግሞ በጉራጊኛ ያወራሉ። ከአያቴ አገር ይዘነው መጥተን እስካሁን ያልጣልነው ነገር ቢኖር መስቀል ነው። በመስቀል ልጅ የትም ይዋል የት አባቱ ቤት ይገባል። ክትፎው ከተበላ በኋላ አባት ከታላቁ ጀምሮ ይመርቃል፤ ታላቁ ሳይመረቅ ታናሹ አይመረቅም። እኛ ሁለት ነን። ታላቄን «ጋሼ» ነው የምለው፤ አዲስ አበባ ደህና መሥሪያ ቤት ይሠራል። ሥራው ምንም ቢበዛ መስቀልን ቀርቶ አያውቅም ነበር።

ካቻምና መስቀልን አሳልፎ ሲመለስ ሶዶ ወረደና ስቱዲዮዬ ገባ። መሥሪያ ቤቱ አቫታር ሊያሠራለት ነው አለኝ። በኤአይ የሚሠራ፣ እሱን የሚመስል፣ በእሱ ድምፅ የሚያወራ ምስል መሆኑ ነው። «ስልጠና ለመስጠት ከከተማ ከተማ መንከራተቱ ይቀርልኛል፤ እኔ ቁጭ ብዬ እሱ ያሠለጥናል» አለኝ። ራሱ ያነሳቸውን ፎቶዎች ከስልኩ አሳየኝ። አንዱ መኪና ውስጥ በጥቁር መነጽር፣ አንዱ ሠርግ ላይ የሌላ ሰው ትከሻ ገብቶበት፣ አንዱ ከታች ወደ ላይ።

«የአፍንጫ ቀዳዳ አቫታር ነው የምታሠራው?» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ደንበኞቼን «ነገ ኑ» ብዬ መለስኩና በሩን ለእሱ ብቻ ከፈትኩት።

ለአቫታር የሚሆን ፎቶ ከጉርድ ፎቶ ይለያል። ለጉርድ አንድ ፊት ይበቃል። ለዚህ ግን ማሽኑ ሰውየውን ከየአቅጣጫው ማወቅ አለበት፤ ፊት ለፊት፣ በግራ፣ በቀኝ፣ ትንሽ ቀና፣ ትንሽ ደፋ። ከጎኑ ሌላ ሰው አይኖርም፤ መነጽር የለ፣ ኮፍያ የለ፣ ቆዳ የሚያለሰልስ ማሳመሪያ የለ። ሸሚዝ መቀያየር አለበት፤ ኮስተር ያለም፣ ፈገግ ያለም፣ አፉን ከፍቶ የሚስቅም ፊት ያስፈልጋል። የዚያን ቀን የዳሞታ ተራራ ደመና ለብሶ ስለነበር ብርሃኑ ለስላሳ ነበር። ፍላሹን ተውኩት። በሩ አጠገብ አስቀመጥኩትና ጥላው እንዳይከብድ በወዲያኛው ጉንጩ በኩል ነጭ አቡጀዲ ወጠርኩ።

ብርሃኑ ሰመረ፤ ፊቱ ግን እምቢ አለ። የእኛ ቤት ልጆች ካሜራ ፊት ስንቀመጥ ፖሊስ የያዘን ነው የምንመስለው። ሳቅ ስለው ጥርሱን ብቻ ያሳየኛል። ጨነቀኝና ልጅ ሆነን ከአባባ አዲስ ጣቃ ቆርጠን ኳስ የሠራን ጊዜ አባባ ጨርቁን ደጋግመው ለክተው «ሳይታጠብ ያጥራል እንዴ?» ያሉትን አስታወስኩት። ያኔ እውነተኛው ሳቁ መጣ፤ ትከሻው ሁሉ የሚስቅበት የድሮ ሳቁ። ቶሎ ቶሎ አነሳሁት።

ዓይኑ ግን አሁንም ደረቅ ነበር። እኛ ቤት አባት ፊት አንገት ደፍቶ ማውራት ነው ወጉ፤ ከዚያ የተነሳ ይመስለኛል ሁለታችንም ሰው ዓይን ላይ መቆየት አንችልም። ሌንሱን ትንሽ ያየውና ወደ መሬት ይወርዳል። «ሌንሱን አባባ ናቸው ብለህ እየው» አልኩት። «አንገትህን ግን አትድፋ። በናፍቆት፣ ቀና ብለህ።» ቀና ብሎ ሌንሱን አየ። ዓይኑ እንዴት እንደረጠበ! ድምፁን እንዲማርለት ቪዲዮም ስቀርፀው ወረቀት አስጥዬ እንደዚያው አባባን እንደሚያናግር አድርጎ እንዲያወራ አደረግኩት። ሲሄድ አቅፎኝ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ከእኔ ጋር ግማሽ ቀን መዋሉ ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

ብዙም ሳይቆይ ለአባባ ቪዲዮ ይልክ ጀመር። ገሱባ ላይ ኔትወርኩ የቪዲዮ ጥሪ አይችልም። ስለዚህ በቴሌግራም ለእኔ ይልካል፣ እኔ እሑድ እሑድ በዚያ አስቸጋሪ መንገድ እየተንገጫገጭኩ ሄጄ አሳያቸዋለሁ። «አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን እንዴት አደረገዎት?» ይላል። አባቴ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ» ብለው ይመልሱለታል፤ የተቀረፀ ነው ብላቸውም መመለሳቸውን አይተዉም። አልፎ አልፎ ብቻ ይደውል የነበረ ልጅ በየሳምንቱ እንዲህ ሲጠይቃቸው ደስታው መልካቸውን መለሰው። እኔም ለደንበኞቼ «ወንድም እንዲህ ነው» እያልኩ እመጻደቅ ነበር።

በዚያው ዓመት አባቴ ቡአ እንዳለባቸው ታወቀ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ምግብ የምታበስልላቸው የሩቅ ዘመዳችን ናት የነገረችኝ፤ እሳቸው ለካ ደብቀውት ኖረዋል። ለምኜ ሶዶ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸዋል አለ፤ አንጀቱ ከታነቀ ለሕይወታቸው ያሰጋል፣ ጊዜ አትስጡት አለን። አባቴ አልሰማም አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር ከሴት ልጅ ጋር አይመከርም። ታላቅሽ ይምጣ፣ እሱ ካለኝ እገባለሁ።»

ለጋሼ ደወልኩለት። «እመጣለሁ» አለ። በቪዲዮውም «እመጣለሁ አባባ» አለ። በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። መቼም ሥራ ነው እያልኩ በመስቀል ጠበቅኩት።

መስቀል ደረሰ፣ ጋሼ ቀረ። የመጣው ቪዲዮ ነው። «አባባ፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ መኪና ተበላሽቶብኝ ነው፤ ክትፎውን አያቆዩብኝ» ይላል። አባቴ ሲመሽ ይገባል ብለው በር በሩን እያዩ ምግቡን በቅጡ ሳይነኩ ቀሩ። እኔንም አልመረቁኝም፤ ታላቄ አልተመረቀማ። ቆይቼ ቪዲዮውን እንደገና ከፈትኩት፤ ያኔ ነው ያየሁት።

ዓይኔ ብርሃን ነው የሚያየው፤ ልማድ ነው። መንገድ ላይ ነኝ የሚለው ሰው ጉንጭ ላይ ያረፈው ብርሃን የስቱዲዮዬ በር ብርሃን ነው። በወዲያኛው በኩል ያለው ለስላሳው የእኔ አቡጀዲ ነው። አገጩ ሥር የምላጭ ጭረት አለች፤ ያን ጊዜ ሶዶ እኔ ዘንድ ሲላጭ ቆርጦት ነበር። የድሮዎቹን ቪዲዮዎች አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ሸሚዙ ይቀያየራል፣ ቢሮው ይቀያየራል፣ ጭረቷ ግን ዓመት ሙሉ አልዳነችም። ሳቁም ያው በጣቃው ወሬ የሳቀው ሳቅ ነው።

ኔትወርክ በደንብ ወደሚይዝበት ዳገት ወጥቼ ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ አባባን የሚያናግራቸው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ እኮ» አለኝ። «ፊቱ የኔ፣ ድምፁ የኔ።»

«ቃሉስ?»

«መጀመሪያ እኔው ነበርኩ የምጽፍለት። አሁን የአባባን ነገር ስለሚያውቅ ራሱ ያዘጋጀዋል። እኔ አይቼ ነው የምልከው… ብዙውን ጊዜ።»

ብዙውን ጊዜ! ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። «አሞኛል ብለው የሚጠብቁህን ሰው? የታመሙትን አባትህን?» አልኩት።

«ደስ አላቸው አይደል? እኔ ብደውል እንደዚያ አሳምሬ አላወራቸውም። አንቺም ደክመሽበታል፤ እዚህ ያየው ሁሉ ማን አነሳው ነው የሚለኝ።»

አመሰገነኝ እኮ ነው! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ሲጥል አቧራው አፍ ውስጥ እንደሚገባ ግን የነገረኝ የለም። ናፍቆቱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ሳቁን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አባቴን የሚያታልልበትን ሁሉ ከእጄ ወስዶ፣ መልሶ በእጄ አሸክሞ ነው ያደረሰላቸው። «ጋሼ» ማለቱን ያን ቀን ተውኩት።

ወርጄ ለአባቴ ነገርኳቸው። ሌላ ምን አደርጋለሁ? «አባባ፣ ይሄ እሱ አይደለም። ኮምፒውተር የሠራው መልኩ ነው። እሱ አልተናገረም፣ መንገድ ላይም አይደለም» አልኳቸው፤ እንደ ወጋችን አንገቴን ደፍቼ።

«የልጄን መልክ ሳላውቀው ልቀር ነው?» አሉኝ አባቴ።

«መልኩ የእሱ ነው አባባ፤ ፎቶውን እኔ ነኝ ያነሳሁት። ግን…»

«ስሚ። ድሮ እሱም እንዳንቺ መሬት መሬት እያየ ነበር የሚያናግረኝ። አሁን ግን ዓይን ዓይኔን ያየኛል። የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ነው እንዲህ የሚያይ። አንቺ አሁን የት እያየሽ ነው?» አሉኝ። ቀና ልል ሞከርኩ፤ አልቻልኩም፤ ዕንባዬ መጣ። እሳቸው ግን ዕንባዬን በሌላ ተረጎሙት። «በመስቀል ቀን ወንድምን ማማት! ቅናት ቤት ያፈርሳል፣ ልጄ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይበሉ። እኔ ስንት ቀን አሳደርኩት፤ አልጠራም። እሑድ ስሄድ ሰላምታቸው ይቀዘቅዛል፤ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ልኳል?» ብለው ነው። አላመጣሁም ብላቸው የደበቅኩባቸው ይመስላቸዋል። ስለዚህ መልሼ ማሳየት ጀመርኩ፤ እየተቃጠልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት ዘመዳችን ደወለች። አባቴ ሆዳቸውን ይዘው ተጠቅልለው ወድቀዋል፤ ያስታውካቸዋል። ኮንትራት መኪና ይዤ ከነፍኩ። እብጠቱ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ላባቸው ትራሱን አርሶታል። ሐኪሙ የፈራው እንደደረሰ ገባኝ። «ይነሱ አባባ፣ መኪናው በር ላይ ነው» ስላቸው የአልጋውን ቋሚ ጨበጡ። «ልጄ ሳይመጣ በቢላ አልነካም» አሉ። ለመንኩ፣ እግራቸው ላይ ወደቅኩ፣ ሹፌሩም ለመነ። ወይ ፍንክች።

ያቺኑ ዳገት እየሮጥኩ ወጣሁ። ወንድሜ ስልኩን ሲያነሳ ስብሰባ ላይ ነበር፤ በሹክሹክታ «ነገ ለመምጣት እሞክራለሁ» አለኝ።

«አንተን አይደለም የምፈልገው» አልኩት። «ያንን ነገርህን ነው የምፈልገው። አሁኑኑ ይነሱና ሆስፒታል ይግቡ እንዲል አድርገህ ላክልኝ። አሁን፣ ቆሜ እየጠበቅኩ ነው።»

ወዲያው ደረሰ። ማሽን ምን ይቸግረዋል፤ እኔ ስንት ጊዜ የለመንኩትን በአፍታ አሰናዳው። ወርጄ ስልኩን ዓይናቸው ሥር ያዝኩላቸው። «አባባ» አለ ያ ፊት፣ በዚያ በረጠበ ዓይን፣ «እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ። ስለ እኔ ብለው ይነሱ።» አባቴ የአልጋውን ቋሚ ለቀቁ። «ኮቴን አምጭልኝ» አሉ።

በዚያው ሌሊት ቀዶ ጥገናው ተሠራላቸው። «ሳይመጡ ቢያድሩ ኖሮ አናገኛቸውም ነበር» አለኝ ሐኪሙ። በር ላይ የጠበቀ ሰው አልነበረም፤ ሕመሙ ራሳቸውን ስላሳታቸው አላስተዋሉም፤ ሲነቁም «አስገብቶኝ ወደ ሥራው ተመልሶ ነው» አሉ፣ እኔም አላነሳሁም። ወንድሜ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ አልመጣም። «ደህና ከሆኑ» አለኝ፣ «አሁን መምጣቴ ምን ይጨምራል?» እኔ አልጋቸው ሥር ካርቶን አንጥፌ እያደርኩ፣ ሽንታቸውን እየደፋሁ፣ ሾርባ እያጎረስኩ ሰነበትኩ። ይቅር አላልኩትም፤ እንደማልለውም አውቃለሁ።

የሚወጡ ቀን ማጎንበስ ስለተከለከሉ ጫማቸውን አደርግላቸው ጀመር። አጠገባቸው ለተኛው በሽተኛ ስለ ታላቁ ልጃቸው ሲያወሩ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አየሽ» አሉኝ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ ሊመክሩኝ ፈልገው፣ «እሱ ባይደርስልኝ ሞቼ ነበር። አንቺማ እንዳላምነው ልታደርጊኝ ነበር። አሁንም ቢሆን ደውለሽ ይቅርታ ጠይቂው።»

«እሺ አባባ» አልኳቸው፣ ሁለተኛውን እግራቸውን ወደ ጫማው እያስገባሁ።