በዜማ የተሰፋ ካባ

ሐይቅ እስጢፋኖስ ለኪዳን ስቆም፣ ጧፍ በበራ ቁጥር ልቤ ከጸሎቱ ይወጣል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ የሰሙ ሽታ የሚወስደኝ ወደ መቅደሱ ሳይሆን ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ወደነበረች አንዲት የልብስ ሰፊ ሱቅ ነው። ሙያ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ክሩን ሁልጊዜ በሰም አሽተው ነበር የሚሰፉበት። ሰም ያልቀመሰ ክር ይተበተባል፤ ይበጠሳልም። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልገፋሁም፤ የማውቀውን ከመጽሐፍ ራሴ ለቃቅሜ ነው ያገኘሁት። የእሳቸውን ሙያ ግን በየትም መጽሐፍ አላየሁትም።

ሽማግሌው ሙስሊም ነበሩ፤ እኔ የክርስቲያን ልጅ፣ ገና ጢም ያላበቀልኩ ጎረምሳ። በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና ነበረቻቸው፤ በእሷ ሱሪና ሸሚዝ የምሰፋው እኔ ነበርኩ። እሳቸው የድሮውን ልብስ፣ እጀ ጠባቡን፣ በርኖሱን፣ የካህናቱን ካባ በእጃቸው ይሰፉ ነበር። "ቢስሚላህ" ብለው መርፌውን ያስገቡና ማንጎራጎር ይጀምራሉ። ዜማው አምባሰል ነው። እጃቸው የሚመራው በዜማው ነበር፤ ዜማው ሲረዝም ክሩ ይረዝማል፣ ሲሰበር መርፌው ይመለሳል። ስፌታቸው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሚሆነው ለዚህ ነው ይሉ ነበር። የካህን ካባ ሲመጣ ጠርዙን እሳቸው ይሰፉና ጀርባው ላይ ያለችውን መስቀል ለእኔ ይተዋሉ። እሷ ያንተ ናት፣ ጸሎትህን አድርሰህ ጀምር ይሉኛል።

አባቴ ዘፈን በደጃፋችን እንዲያልፍ እንኳ አይወድም ነበር። ስለዚህ እሳቸው ሲያንጎራጉሩ እኔ ከንፈሬን ገጥሜ እሰፋለሁ። ግጥሙን ልያዝ ብዬ አንድ ቀን ጆሮዬን አዘንብዬ አላውቅም። ዛሬ ልጄ ሱቄ ውስጥ ስልኩ ላይ ሙዚቃ ከፍቶ ይሰፋል። ቀድሞ እከለክለው ነበር፤ አሁን ትቻለሁ። አባት ልጁን ከኃጢአት ሲጠብቅ ከበረከትም አብሮ እንዳያርቀው መጠንቀቅ አለበት።

አንድ ጥር ላይ ከአምባሰል ገጠር አንዲት ባልቴት የሟች ባላቸውን ካባ በነጠላ ጠቅልለው መጡ። ልጃቸው ቅስና ሊቀበል ስለሆነ የአባቱን ካባ በእሱ ልክ አድርጉልኝ አሉ። ጥቁር ሱፍ ነው፤ አርጅቷል። ከተበላሸ የሚተካው የለም።

ሽማግሌው ለክተው ቆረጡ። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ነበር። ክር ከመርፌ ማስገባቱን እጄ ሰም ነክቷል እያሉ ለእኔ ከተዉት ከርመዋል፤ እኔም አምኛቸው ነበር። የካባውን ጠርዝ እየሰፉ ሳለ ሰርገኛ በመንገዱ መጣ። ከበሮው ከሱቁ ፊት ቆሞ ሲደለቅ የሽማግሌው ዜማ ተዋጠ፤ እጃቸው ግን አልቆመም። ከበሮውን ተከትሎ ሄደ። ሰርገኛው አልፎ አቧራው ሲረጋ አየሁት፤ ስፌቱ ተቻኩሎ ጠርዙ ተኮማትሯል። እሳቸው ወደ ጨርቁ እያዩ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና "አልሐምዱሊላህ" አሉ። እንደማይታያቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሁልጊዜ ሲጨርሱ ስፌቱን በጣታቸው ዳብሰው ያረጋግጡ ነበር። ጣታቸው ሳይደርስ ባልቴቲቱ ሊወስዱት ገቡና ካባውን አነሱት።

"ይኼ ምን ሆኖ ነው? የሟች ልብስ እኮ ነው፤ ሌላ የለኝም።"

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። ዓይናቸው መድከሙ በገበያ ከተወራ ጨርቅ የሚያመጣላቸው አይኖርም። ሚስታቸውን ቀብረዋል፤ ቀኑን የሚገፉበት ከመርፌ ሌላ ነገር አልነበራቸውም።

"እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ እማማ" አልኩ።

"አንተ ነህ? እጅህ ሰርግ ወርዶ ነበር እንዴ?"

ጨርቁ አልተጎዳም፣ ተፈትቶ ይስተካከላል፣ ነገ ይውሰዱት አልኳቸው። እያጉረመረሙ ወጡ።

ሽማግሌው ጠርዙን ዳበሱት።

"ዋሽተሃል" አሉኝ። "አላህ ይማርህ። በል ፍታውና አንተ ስፋው፤ እኔ አዜምልሃለሁ።"

ፈታሁት። እሳቸው አዜሙ፣ እኔ ሰፋሁ። የዚያን ቀኑን የመሰለ ስፌት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከእጄ አልወጣም። ባልቴቲቱ በማግስቱ ካባውን ወሰዱ፤ መርቀውንም ሄዱ። ሽማግሌው ግን ከዚያ ወዲያ መርፌ አልያዙም። ረመዳን ሳይገባ ሱቁን ለእኔ ትተው ውጫሌ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሄዱ።

ልጆቼን ውሸት ኃጢአት ነው ብዬ ነው ያሳደግኳቸው፤ አሁንም እንዲሁ እላለሁ። ያቺን ውሸት ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ። የሚቆጨኝ እሷ አይደለችም።

ከጊዜ በኋላ ለገበያ ውጫሌ ስሄድ ቤታቸው ጎራ አልኩ። ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ለደንበኛ በእጄ የሰፋሁትን እጀ ጠባብ እንዲዳብሱልኝ ጉልበታቸው ላይ አኖርኩላቸው። ጣታቸውን ከብብቱ እስከ ጠርዙ አስኬዱት።

"ቀጥ ብሏል" አሉ። "አፍህን ዘግተህ ነው የሰፋኸው፣ አይደል?"

"ግጥሙን አላውቀውም፣ አባባ።"

"መቼ ጠየቅከኝና። አባትህን ፈርተህ ነው።" ሳቁ። "አሁን የራስህ ሱቅ አለህ። ተቀመጥና አንዱን እንኳ ያዝ።"

ወደ ሐይቅ የምትመለሰው መኪና ጥሩምባዋን እየነፋች ነበር። ለአረፋ በግ ይዤ እመጣለሁ፣ ያን ጊዜ በሰፊው እንቀመጣለን አልኳቸው። "ኢንሻአላህ" ብለው እጀ ጠባቡን አጥፈው መለሱልኝ።

አረፋ ሳይደርስ ሞቱ። በጉን ለሰደቃቸው ነዳሁት።