እንጨቱ እስኪደርቅ

እርጥብ ወይራ ጉንጭ ላይ ሲያስጠጉት ይቀዘቅዛል። ባለፈው እሑድ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው አዲስ የተቆረጠ ወይራ ተሸክሞ ሲያልፍ ጫፉ ፊቴን ነካኝና ባለሁበት ቆምኩ። ሰውየው የጎዳኝ መስሎት "አውፍ በለኝ ወንድሜ" አለኝ። ምንም አልሆንኩም ነበር፤ የአማቴ ግቢ ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥሬ በፈረቃ እሠራ ነበር። ልቤ ግን ደሴ ነበር፤ ከሰኞ ገበያ በላይ፣ የመጥረቢያና የዶማ እጀታ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ግቢ ውስጥ። የእሳቸውን ልጅ ወድጄ ነበር። እናቷ ሞታለች፣ ወንድሟ ትዳር ይዞ ወጥቷል፤ ከአባቷ ጋር የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ይዘው የመጡት መልስ ያስቃል ወይስ ያስለቅሳል፣ እናንተው ፍረዱ።

"አንተንስ አልጠሉህም" አለኝ ትልቁ ሽማግሌ። "አዲስ እንጨት አስገብቻለሁ፣ እሱ ሲደርቅ መልስ እሰጣለሁ ነው ያሉት።"

"እኔንና እንጨቱን ምን አገናኘን?"

"እንግዲህ አላህ ያድርቅልህ።"

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አባት ይቆርጣሉ፣ ኋላም ይጠርባሉ፤ በመሃል ያለው ሥራ ሁሉ የልጅቷ ነበር። አዲስ የተቆረጠ ወይራ ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጫፍና ጫፉ ቀድሞ እንዳይደርቅ እበት ትለቀልቀዋለች። ምስጥ እንዳይበላው ድንጋይ ላይ አንስታ፣ በመሃል በመሃሉ ጭራሮ እየጣለች፣ ነፋስ በሚያስገባ ግድግዳው ባልተመረገ ጎጆ ውስጥ ትደረድረዋለች። እየሰነበተችም የታችኛውን ወደ ላይ ታወጣለች። የደሴን ጭጋግ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የታጠበ ሸሚዝ ሳይደርቅ በሚሰነብትበት አገር ወይራ እስኪደርቅ ጠብቅ ተባልኩ።

እረፍት ባገኘሁ ቁጥር በሚኒባስ ሽቅብ እወጣ ነበር።

"አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ። እንጨቱ እንዴት ነው?"

"ወአለይኩም ሰላም። እንጨቱስ ደህና ነው፤ አንተ እንዴት ነህ?"

አንድ ቀን ብልህ የሆንኩ መስሎኝ፣ "ኮምቦልቻ ወስጄ ላድርቅልዎት? እዚያ ሙቀት ነው" አልኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"ተቻኩሎ የደረቀ እጀታ ገበሬው እጅ ላይ ነው የሚሰነጠቅ። ያን ጊዜ የሚረገመው ሙቀቱ ነው ወይስ እኔ?"

ክረምቱ አለፈ፣ በጋው ገባ። የወይራው ልጣጭ ለቀቀ፤ ሁለቱን ሲያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ መስጠት ጀመረ። በቃ ደረሰ ብዬ ሽማግሌዎቹን ዳግመኛ ለመላክ ሳስብ፣ ልጅቷ ወደ ጎጆው ጠራችኝና አንዱን እንጨት ሰጠችኝ።

"ጉንጭህ ላይ አድርገው" አለችኝ።

ቀዘቀዘኝ።

"ይኼ ያኔ የገባው አይደለም። አባቴ ሰሞኑን እርጥብ ቀላቀለበት። ሲደርቅበት ይጨምራል።"

"ለምን?"

"ደረቀ ማለት እኔ ሄድኩ ማለት አይደል?"

ወላሂ ተናድጄ ነበር። ግን እሷን ሳያት ንዴቴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ታዲያ ምን ይሻላል ብላት፣ "ናማ፣ እንጨቱን መገልበጥ ልመድ" አለችኝ።

ለመድኩ። እበት መለቅለቁንም፣ ጭራሮ መጣሉንም፣ መገልበጡንም። ማታ ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ እጄ ከሚሸተው የተነሳ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሁሉ መስኮት ይከፍት ነበር። አባትየው በር ላይ ቆመው ያዩኛል። አንድ እሑድ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የጥጉን ረስተኸዋል።"

ገለበጥኩት።

"እረፍትህ መቼ ነው?"

"እሑድ ነው፣ አባባ።"

"እሑድ እሑድ ትመጣላችሁ? ሁለታችሁም?"

"ኢንሻአላህ እንመጣለን።"

ወደ እንጨቱ ሳይሆን ወደ ልጃቸው አዩ። "በል ሽማግሌዎችህን ላክ። እንጨቱ ገና ነው። ቢሆንም ላክ።"

ተጋባን፣ ኮምቦልቻ ቤት ያዝን፣ ልጆች ወለድን። እሑድ እሑድ ደሴ ወጣን። በዚያ ሁሉ ዘመን ጎጆው ውስጥ ጫፉ አዲስ እበት የተለቀለቀ እንጨት ያጣንበት ቀን ትዝ አይለኝም። እኛም አላነሳነውም፣ እሳቸውም አላነሱትም።

አማቴ ያረፉት አምና ነው። ከለቅሶው በኋላ ጎጆውን ስንከፍት ከላይ የተደረደረው ወይራ እርጥብ ነበር። እበቱ ላይ የጣታቸው አሻራ በደንብ ይታያል። ባለቤቴ እሱን ስታይ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

ወንድሟ ጎጆውን አፍርሶ ሱቅ ሊሠራበት ይፈልጋል። አይፈረድበትም፣ ቦታው ለገበያ ቅርብ ነው። እኛንም አልገፋንም፤ "እንጨቱ ሲደርቅ ታነሱልኛላችሁ" ብቻ ነው ያለን።

ያ ወይራ ፊቴን በነካኝ እሑድ ጎጆው ስደርስ ባለቤቴ ቀድማኝ ገብታለች። አማቴ የጣታቸውን አሻራ የተዉበትን እንጨት አንስቼ ጉንጬ ላይ አደረግሁት። አልቀዘቀዘኝም። ከሌላው ጋር ሳጋጨው ድምፁ ጥርት አለ። ወንድሟ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

"እህሳ፣ ደረቀ?"

ባለቤቴ እኔን አየችኝ።

"ገና ነው" አልኩት።

እሷም ጎንበስ ብላ የታችኛውን ወደ ላይ ማውጣት ጀመረች።