ተራራ የሚወጡት ነጥቦች

ኤፌቲ ሊዮንጋ ቡኤያ ከተማ፣ ሞሊኮ ሰፈር፣ ለአሥራ አንድ ዓመት የሠርግ መጥሪያ ካርድ ስታትም ኖራለች። ሰው ሁሉ መጥሪያውን በስልክ መላክ ሲጀምር ሥራው ቀዘቀዘ። እሷም "እንግዲያው እኔም ስልኩ ውስጥ እገባለኋ!" ብላ ድረ ገጽ መሥራት ተማረች። የነበሯት አንድ መስታወቱ የተሰነጠቀ ላፕቶፕና የራሷ እልህ ብቻ ነበሩ። መጀመሪያ የሠራቻቸው ገጾች ከካርዶቹ ብዙም አይለዩም ነበር፤ ያምራሉ፣ ግን ንቅንቅ አይሉም።

ይሄ ነገር ያንገበገባት በሰፈሩ የተራራ ሩጫ ቀን ነው። ማን የት እንደደረሰ የሚያሳይ ገጽ ሠርታ ነበር። አዲስ ወሬ የፈለገ ሰው ግን ገጹን በየደቂቃው ዘግቶ መክፈት ነበረበት። እንደ እናቷ የምታያቸው ጎረቤቷ ማ ኤውኔ ስልካቸውን ከፍ አድርገው፣

"ልጄ፣ ይሄ ፎቶ ነው እንዴ? ሯጮቹ እኮ ጨርሰው ገላቸውን ታጥበዋል!" አሏት።

ሰው ሳቀ፤ ኤፌቲም ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የገጽ ማንቀሳቀሻ ቋንቋ መማር ጀመረች። ስምንት ወር ፈጀባት። ማንም ሳይነካው ገጹ ራሱ አዲሱን ወሬ ሲያመጣ ያየች ቀን ብቻዋን ጨፈረች።

በዓመቱ ገጹ ሌላ ሆኖ መጣ። ተራራው ተስሎበታል፤ እያንዳንዱ ሯጭ የራሱ ነጥብ አለው። በየማረፊያ ጎጆው ያለ ጠባቂ የሚያልፈውን ሯጭ ቁጥር በስልኩ ሲነካ፣ ነጥቡ በሁሉም ሰው ስልክ ላይ ሽቅብ ይወጣል። ከሥሩ "አጨብጭቡ" የሚል ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት በጠባቂዎቹ ስልክ ላይ ጭብጨባ ይሰማል።

የማ ኤውኔ ባል ፓ ሞካኬ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ሊሮጡ ወጥተዋል። ቀዩ ነጥብ የእሳቸው ነው። ሁለተኛው ጎጆ ድረስ ጥሩ ሄደና ቆመ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። እያነከሰ የሚሄደው የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር እንኳ አልፎት ሄደ።

"ኤፌቲ፣ ባሌን አቁመሽብኛል! አንቀሳቅሺልኝ!" አሉ ማ ኤውኔ፣ ሰው ስልኩን ይዞ በተሰበሰበበት የሩጫው ሜዳ ላይ።

"ማ፣ እኔ እኮ አይደለሁም የማንቀሳቅሳቸው፤ እግራቸው ነው።"

"እግሩማ ጠዋት ደህና ነበር!"

ኤፌቲ ላፕቶፗን ከፈተች። ሥራዬ ላይ ስህተት ይኖር ይሆን ብላ መረመረች፤ ሌሎቹ ነጥቦች ግን ይሄዳሉ። እንግዲህ ሽማግሌው አንድ ነገር ሆነዋል ማለት ነው። ለሁለተኛው ጎጆ ጠባቂ ለንጎምባ ደወለች፤ ሰዉ እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችው።

"ቁጥር አርባ ሰባት? አዎ፣ እዚህ ናቸው።"

"ምን ሆነው ነው?"

"ምንም። የተጠበሰ ሙዝ ሳፉ ከሚባለው ፍሬ ጋር እየበሉ ነው። ሁለተኛ ሳህናቸው ነው።"

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ማ ኤውኔ ግን አልሳቁም። ሊያለቅሱ ደርሰው የነበሩት ሴትዮ እንባቸውን ጠረግ አደረጉና የጭብጨባውን ቁልፍ መጫን ያዙ። እየደጋገሙ ተጫኑት። ሰዉም ተከተላቸው። ወዲያው ከስልኩ ወዲያኛው ጫፍ የፓ ሞካኬ ድምፅ ተሰማ፤

"በቃ፣ ተነሥቻለሁ በላት ሚስቴን! እንዲህ ሳያቋርጥ የሚነዘንዘኝ ሌላ ሰው የለም!"

ጥቂት ቆይቶ ቀዩ ነጥብ ወደ ሦስተኛው ጎጆ ዘለለ። ሜዳው ጎል እንደገባለት ጮኸ። ኤፌቲ ዕቃ መጫኛ ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ፣ ፊቷን በሻሿ ሸፍና፣ ደስታዋን ለብቻዋ አጣጣመች።

ፓ ሞካኬ መጨረሻ ወጡ። ለአሸናፊው ከወጣው የሚበልጥ ሰው ወጥቶ ተቀበላቸው።

"ልጄ፣ ለከርሞ ለእኔ ነጥብ አታድርጊልኝ" አሏት ኤፌቲን።

"ሁለት አድርጊለት!" አሉ ማ ኤውኔ፣ "አንዱ ለሆዱ!"

አሁን ኤፌቲ ለጤና ጣቢያዎችና ለእግር ኳስ ቡድኖች ገጽ ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሰፈሩን ሴቶች ታስተምራለች። አንዷ የሠራችው ቁልፍ ሲነኩት ቀለሙን የቀየረ እንደሆነ ክፍሉ በእልልታ ይናጋል። የጎን ቤቱ ፀጉር አስተካካይ ግድግዳውን ይደበድባል። ኤፌቲ ግን "ዝም በሉ" ብላ አታውቅም።