ክኒን የበቃው ካንሰር

ሚስቴ ካረፈች በኋላ ከሸነን ወደ አምቦ ተዛወርኩ። ሸነን ብዙ ዓመት አብረን አስተምረናል፤ ልጅ ግን አልወለድንም። አምቦ ውስጥ የአንዲት ጠና ያሉ ጴንጤ እናት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ቀን ተማሪ ፊት ሳወራ እውላለሁ፤ ቤት ስገባ ግን የማናግረው ሰው ስለሌለ ሬዲዮኑን ለድምፁ ብቻ እከፍተዋለሁ።

ጨጓራዬን ማመም የጀመረኝ ያኔ ነው። ጨጓራ የሌለበት ሰው የለምና አልደነገጥኩም። ተልባ ጠጣሁ፣ በርበሬ ተውኩ። እያደር ግን ሁለት ጉርሻ ያጠግበኝ ጀመር፤ ሱሪዬም ሰፋኝ። አንድ ሐኪም አዲስ አበባ ሄጄ በኢንዶስኮፒ እንድታይ ጻፈልኝ። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በጉሮሮዬ አስገብተው ጨጓራዬን አዩ፤ ናሙናም ወሰዱ።

ውጤት ልቀበል ስሄድ የመረመረችኝ ሐኪም፣ "አብሮዎት የመጣ ሰው አለ?" አለችኝ።

"የለም።"

ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። "ሊምፎማ የሚባል የካንሰር ዓይነት ነው። ግን ገና ጅማሬው ላይ ነው፤ ከጨጓራዎ አልወጣም። ያመጣውም የሚመግበውም እዚያው ጨጓራዎ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያውን ስናጠፋው ብዙ ጊዜ ዕጢውም ተከትሎት ይጠፋል።"

"በምንድነው የምታጠፉት?"

"በሚዋጥ መድኃኒት፣ ለሁለት ሳምንት። ባይጠፋ ሌላ ሕክምና አለ። ብቻ ክትትሉን እንዳያቋርጡ።"

ወደ አምቦ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ከተናገረችው ሁሉ የማስታውሰው "ካንሰር" የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር።

አከራዬ መድኃኒቱን አይተው፣ "ባርሲሳ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው። "ይሄ ሁሉ ክኒን የምንድነው?" ስነግራቸው አለቀሱ። በማግስቱ የጸሎት ጓደኞቻቸውን ይዘው መጡ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ቢሆንም እምቢ አላልኩም። ትከሻዬ ላይ እጃቸውን ጭነው ሲጸልዩ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። የሰው እጅ ካረፈብኝ ስንት ጊዜዬ ነበር!

የሥራ ባልደረቦቼም ብርቱካን ይዘው ጠየቁኝ። ሕክምናው ክኒን ብቻ መሆኑን ስነግራቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሲወጡ አንዱ በር ላይ፣ "ተስፋ ቢቆርጡበት ነው እንጂ ካንሰር በክኒን ይድናል?" ሲል ሰማሁት። ወንድሜም ከጎጃም ደውሎ፣ "ሐኪሞቹ እውነቱን ደብቀውህ ነው" አለኝ። ማንን ልመን? አፌ ሳንቲም የጎረስኩ ያህል እየመረረኝ መድኃኒቱን ጨረስኩ።

ከወራት በኋላ ስታይ ባክቴሪያው ጠፍቷል፤ ዕጢው ግን ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። "ይታገሡ፣ ጊዜ ይወስዳል" አለችኝ ሐኪሟ። ከሁሉ የከበደኝ ያ ጊዜ ነበር። ሰዉ እንደ በሽተኛ መጠየቁን ትቷል፤ እንደ ጤነኛም ከእኔ ጋር አይቀልድም። መምህራን ክፍል ስገባ ጨዋታው ይቀዘቅዛል።

ዓመት ሊሞላ ሲል እንደገና ታየሁ። ሐኪሟ ወረቀቱን ሳታስቀምጥ፣ "ምንም የለም፤ ጨጓራዎ ንጹሕ ነው" አለችኝ። አመስግኛት ወጣሁ፤ ደጅ ላይ ግን ለማን እንደምደውል ጠፋኝ።

ሚኒባሱ አዲስ ዓለምን ሲያልፍ አጠገቤ የተቀመጡትን ገበሬ ሽማግሌ በኦሮምኛ፣ "ታምሜ ነበር፤ ዛሬ ድነሃል አሉኝ" አልኳቸው። ምን እንደነበር እንኳ አልጠየቁኝም። "ገለንኒ ዋቃዮፍ!" ብለው እግዚአብሔርን አመሰገኑና እጄን ያዙኝ። እስኪወርዱም አልለቀቁኝም።

ቤት ስደርስ አከራዬ ልጃቸው ጋ ሄደው ግቢው ጭር ብሏል። ሽሮ ሠራሁ፤ በርበሬውንም አልፈራሁትም። ብቻዬን እስክጠግብ በላሁ።