ወይዘሮ ሴንቲሜትርና የወንዙ ማሽን

እህቴን ውሸታም ያላት ደብዳቤ ማኅተም አለው። እኔ ማኅተም የለኝም፤ አፍ ግን አለኝ፤ ስለዚህ ስሙኝ።

ታላቅ እህቴ የወንዝ ልክ አንባቢ ናት። ወንዙ ዳር ቁጥር የተጻፈበት ብረት ተተክሏል፤ ጠዋትና ማታ ትወርድና ውሃው የት እንደደረሰ አይታ ደብተር ላይ ትጽፋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! አራስ ሆና እንኳ ልጇን አዝላ ወርዳለች። "እንዴት አደርሽ?" ሲሏት "መቶ ሠላሳ ስምንት" እያለች ስለምትመልስ ሰፈሩ ወይዘሮ ሴንቲሜትር ይላታል። ከታች ያለው ድልድይ ከፍታው የተወሰነው በእሷ ደብተር ነው። ሲመረቅ ታዲያ ማን ጠርቷት!

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤቷ ራሱ የሚጽፍ ማሽን አመጣ። ወንዙ ዳር ጉድጓድ ተቆፈረና ከወንዙ ጋር በቧንቧ ተገናኘ፤ ላዩ ላይ ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ተሠራ። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በያጅ ነኝ። ማሽኑ ይህን ያህል የሚያስፈራ ነገር አይደለም። አንድ ሽቦ በመዘውር ላይ ያልፋል፤ በአንዱ ጫፍ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ባዶ ጣሳ የመሰለ ነገር፣ በሌላው ጫፍ ሽቦውን ወጥሮ የሚይዝ ከባድ የእርሳስ ብረት ይንጠለጠላል። ውሃው ሲሞላ ተንሳፋፊው ይነሳል፣ መዘውሩ ይዞራል፣ ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ወደ ላይ ያሰምራል። ሲጎድል ወደ ታች።

ሊተክለው የመጣው ቴክኒሻን ጥድፊያው ለጉድ ነው። ሽቦውን የማቀብለው እኔ ነበርኩ። "ተንሳፋፊው በመዘውሩ በየትኛው በኩል ይሁን?" ብለው "በፈለግከው፣ ያው ነው" አለኝ። ያው ነው! ቤታችንን ያመሰችው ይህች ቃል ናት።

እህቴ ወርዳ ብረቱን አነበበች፤ መቶ አርባ ሁለት። ቴክኒሻኑም ብዕሩን መቶ አርባ ሁለት ላይ አደረገው።

"ልጄ፣ እስቲ ተንሳፋፊውን በእጅህ አንሳውና ብዕሩ ወዴት እንደሚሄድ እንየው" አለችው።

"እናቴ፣ እሱን ለእኛ ይተዉት" ብሎ ቆልፎ ሄደ። ቁልፉንም ይዞ! በሩን እኔ ሠርቼ ቁልፉ እሱ ኪስ።

በሦስተኛው ወር ከመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤው መጣ። የጻፈችው ልክ ከመሣሪያው ጋር ስለማይገናኝ፣ ሐሰተኛ ቁጥር መመዝገቧ ተደርሶበታል፤ በአምስት ቀን ውስጥ በቂ መልስ ካልሰጠች ከሥራ ትሰናበታለች። ደሜ ፈላ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው! ጎረቤታችን ልታጽናናን "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለች። እያደር! የምታድረው እኮ እህቴ ናት፤ እሱም እንቅልፍ ከወሰዳት።

እሷ ግን አላለቀሰችም። ከደብዳቤው ጋር የመጡትን የማሽኑን ቁጥሮች ከደብተሯ ጎን ዘርግታ ስትደምር ዋለች። ከሰዓት በኋላ ጠራችኝ።

"እኔ መቶ ስልሳ ስል እሱ መቶ ሃያ አራት ይላል። ደምረው።"

"ሁለት መቶ ሰማንያ አራት።"

"እኔ መቶ ሰባ አምስት፣ እሱ መቶ ዘጠኝ።"

ደመርኩ። ሁለት መቶ ሰማንያ አራት።

"እኔ መቶ ሠላሳ፣ እሱ መቶ ሃምሳ አራት።"

አሁንም ያው! "የመቶ አርባ ሁለት እጥፍ ነው" አለች። "ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ውሃው በወጣ ቁጥር እሱ በዚያው ልክ ይወርዳል።"

ያኔ ሽቦው ትዝ አለኝ። ሁለቱ ጫፎች ቦታ ተለዋውጠዋል፣ መዘውሩም የሚዞረው ወደ ተቃራኒው ነው፤ ያቀበልኩትም በገዛ እጄ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በነጋታው አብረን ኃላፊው ዘንድ ሄድን። ቁጭ በሉ እንኳ ሳይል "ማሽን እኮ አይዋሽም" አለ።

"አልዋሸም" አለች እህቴ። "ገልብጣችሁ ጠየቃችሁት፣ ገልብጦ መለሰላችሁ።" ከዚያ ቁጥሮቹን ስታስደምረው፣ በስድስተኛው ድምር ላይ ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ከኃላፊው ጋር ሆነን ቴክኒሻኑን ይዘን ወደ ወንዙ ወረድን። ቆርቆሮ ቤቱ ተከፈተ። ተንሳፋፊውን በእጁ ወደ ላይ ሲያነሳው፣ ብዕሩ ወደ ታች ወረደ። ሁላችንም አየን። አንገቱን ደፍቶ ጫፎቹን አቀያየረ፣ ብዕሩንም በብረቱ ልክ አስተካከለ፤ "ትንሽ የገጠማ ስህተት ናት" አለ። ትንሽ!

"ደብዳቤውስ?" አልኩት ኃላፊውን።

"መሣሪያው ተስተካክሏል፤ ከሥራም አትሰናበትም። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?"

"ውሸታም የሚለው ወረቀት ከፋይሏ ይውጣ!"

"ፋይል ውስጥ የገባ ወረቀት ማውጣት አሠራራችን አይፈቅድም።"

እዚያው ወንዝ ዳር ጮህኩ። ያልተናገርኩት የለም፤ አሁንም አልጸጸትም። እህቴ ክንዴን ያዘችና "ተው ወንድሜ፣ ሰዓቴ ደርሷል" አለች። ወርዳ ብረቱን አነበበች፤ መቶ ሃምሳ አንድ። ማሽኑንም አየች፤ መቶ ሃምሳ አንድ። በየወሩ መሥሪያ ቤት የሚላከው የደብተሯ ገጽ ላይ "አስተያየት" የሚል ጠባብ ቦታ አለ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከ"ጠራ" እና ከ"ደፈረሰ" ሌላ ጽፋበት አታውቅም። ያን ቀን ግን ጊዜ ወስዳ ጻፈች፦ "መሣሪያው እስከ ዛሬ ሲሳሳት ቆይቶ ከእኔ ጋር ተስማምቷል።"

"ይሄም ፋይል ውስጥ ይገባል" አለችኝ ደብተሩን እየዘጋች። "ማውጣት ደግሞ አሠራራቸው አይፈቅድም።"